ቁምሳ ስንወጣ ይሉኝታን ቤት ትተን፣ ክብራችንን ይዘን
በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከመዝናኛ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር



ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ፣ ልጅ አዝላችሁ የመጣችሁ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራችሁ የደረሳችሁ ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ባለፈው ስብሰባ ለኮሚቴያችን አንድ ጥያቄ ተሰጥቶን ነበር። የዘንድሮው የመዝናኛ ቀናችን እንደ ወትሮው በአንዲት እኅት ቤት ይሁን፣ ወይስ እዚህ ዋሽንግተን ውስጥ በአበባና በመብራት ከተዋቡት የብረንች ቤቶች በአንዱ? አንዳንዶቻችሁ «ምን አለበት፣ እኛስ ሰው አይደለንም ወይ?» አላችሁ። ሌሎቻችሁ «ለአንድ ሳህን እንቁላል ይህን ያህል ዶላር? ይህ ገንዘብ ስንት ነገር ይሠራል!» አላችሁ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። እኛን ይበልጥ ያሳሰቡን ግን በስብሰባው ላይ ዝም ያሉት ናቸው። ከስብሰባው በኋላ አንዲት እኅት ጠጋ ብላ «እኔ እንኳ የምመጣ አይመስለኝም፤ ምክንያቱን አትጠይቁኝ» አለችን። አልጠየቅናትም። ምክንያቱን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዛሬ የምንናገረው ሁሉ እርሷ እንድትመጣ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት እንበል። ብረንች የሚለው ስም በእንግሊዝኛ የቁርስና የምሳ ስሞች ተዳቅለው የወጣ ነው። ልጆቻችን በአማርኛ «ቁምሳ» ይሉታል፤ ጥሩ አድርገው ሰይመውታል። እ.ኤ.አ. በ1895 እንግሊዝ አገር ጋይ ቤሪንጀር የሚባል ጸሐፊ ስለዚህ ማዕድ አንድ መጣጥፍ አወጣ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚበላው ከባድ ምሳ ቀርቶ፣ ረፈድ ብሎ በቁርስ ጀምሮ ወደ ምሳ የሚሻገር ማዕድ ይሁን፤ ቅዳሜ ማታ ያመሸ ሰውም እንደ ልቡ ይተኛ የሚል ሐሳብ ነበረው። እኛም ለነገሩ እንግዳ አይደለንም። ቅዳሴ ቆመን፣ ረፋዱ ላይ ወደ ቤት ስንመለስ የሚቀርበው ጨጨብሳ፣ ፍርፍርና ቡና ስም አልወጣለትም እንጂ ቁምሳ ነው።

ታዲያ ሰው ቤቱ ያለውን ነገር ለመብላት ለምን ይወጣል? ከእነዚህ ቤቶች አንዱን ያየን እንደሆነ ከጣሪያው አበባ ይንጠለጠላል፤ ወንበሩ ሮዝ ከፈይ ነው፤ ግድግዳው ላይ በመብራት የተጻፈ ጽሑፍ አለ፤ ስኒው የአያት ቤት ስኒ ይመስላል፤ አስተናጋጆቹም ከቤቱ ቀለም ጋር የሚሄድ ልብስ ለብሰዋል። «ይህ ሁሉ ለፎቶ ነው» የሚል አለ። ለፎቶም ነው፤ ባለቤቱ ደንበኛው ፎቶ አንሥቶ በለጠፈ ቁጥር ማስታወቂያ በነፃ ያገኛል። ግን እኛም ቡና ስናፈላ ቄጤማ እንጎዘጉዛለን፣ ዕጣን እናጤሳለን፣ ረከቦቱን እናሳምራለን፣ ነጭ ልብስ እንለብሳለን። ቡናው ያለ ቄጤማ ይፈላ የለም ወይ? ይፈላል። ቄጤማው የሚናገረው «ዛሬ እንደ ትናንቱ ቀን አይደለም፣ ተቀመጡ» ብሎ ነው። በጣሪያ ላይ ያለው አበባም የሚናገረው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ። በእኛ ቤት ቄጤማውን የምትጎዘጉዘው፣ ቡናውን የምትቆላው፣ ስኒውን የምታጥበው ሴቷ ናት። ማኅበር የደረሳት እኅት ዓርብ ማታ ሽንኩርት መክተፍ ትጀምራለች፤ ቅዳሜ ዶሮውን ስታጥብና ስትበልት ትውላለች፤ እሑድ እኛ ስንመጣ እርሷ ቆማ ታስተናግዳለች። «ተቀመጪ እንጂ» እንላታለን፤ «መጣሁ፣ መጣሁ» ትላለች፤ ሳትቀመጥ እንሸኛታለን። ሰኞ ደግሞ ሆቴል ክፍል ልታጸዳ፣ አረጋውያን ልትንከባከብ፣ የሌላ ሰው ሳህን ልታነሣ ትሄዳለች። እንግዲህ በዓመት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ማንም ከመካከላችን ሳይነሣ፣ ሁላችንም እኩል ተቀምጠን መብላት ከፈለግን፣ የምንከፍለው ለእንቁላሉ ብቻ አይደለም፤ ለመቀመጡም ነው። ይህ ቅንጦት ነው የምትሉ ካላችሁ እንቀበላችኋለን፤ ነገር ግን ርካሽ የሆነ ቅንጦት እንዳልሆነ ሁሉ ከንቱም አይደለም።

መቀመጥን ካነሣን፣ እዚህ አገር ሴት በጥሩ ምግብ ቤት መቀመጧ ራሱ በትግል የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ኒውዮርክ ውስጥ ዴልሞኒኮስ በሚባለው ዝነኛ ምግብ ቤት ለእንግሊዛዊው ደራሲ ለቻርልስ ዲክንስ የጋዜጠኞች ግብዣ ተዘጋጀ። ጄን ከኒንግሃም ክሮሊ የምትባል ጋዜጠኛ ሴት በመሆኗ ከግብዣው ቀረች። እርሷም አልቅሳ አልተቀመጠችም፤ ሶሮሲስ የሚባል የሴቶች ማኅበር አቋቋመች። ማኅበሩም በዚያው ዓመት በሚያዝያ በዚያው በዴልሞኒኮስ ተሰብስቦ በላ። በዚያ ዘመን ሴቶች ወንድ ሳያስከትሉ በእንዲህ ያለ ቤት መብላታቸው ያልተለመደ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲያም መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በየካቲት 1969 እነ ቤቲ ፍሪዳን የኒውዮርኩ ፕላዛ ሆቴል ኦክ ሩም በምሳ ሰዓት ሴት አላስገባም በማለቱ ገብተው ተቀምጠው ተቃውሞ አሰምተዋል።

ወደ ከተማችን ስንመጣ ደግሞ ሜሪ ቸርች ቴሬልን ማንሣት አለብን። ወላጆቿ ባሪያ ሆነው የኖሩ ናቸው። እርሷ ተምራ፣ አስተምራ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 የተመሠረተው የጥቁር ሴቶች ማኅበራት ብሔራዊ ኅብረት የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች። እንደ እኛው የመረዳጃ ማኅበር ሴት ነበረች ማለት ነው። በጥር 1950፣ በ86 ዓመቷ፣ ከጓደኞቿ ጋር ዋሽንግተን መሐል ቶምሰን ወደሚባል ምግብ ቤት ገብታ ምግቧን በትሪ ያዘች። ጥቁር ስለሆነች አናስተናግድም አሏት። በ1872 እና በ1873 የወጡ፣ ማንኛውም ሥርዓት ያለው ሰው በምግብ ቤት እንዲስተናገድ የሚያዝዙ የከተማዋ ሕጎች ነበሩ፤ ተረስተው ቀርተው እንጂ አልተሻሩም ነበር። እርሷና ጓደኞቿ እነዚህን ሕጎች ይዘው ተከራከሩ፤ ሰኔ 8 ቀን 1953 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጎቹ ጸንተው እንደሚሠሩ ወሰነ። ሴትዮዋ ያን ጊዜ 89 ዓመቷ ነበር።

ይህን የምንነግራችሁ ታሪክ ለማስረዘም አይደለም። ከእኛ አንዳንዶች እንዲህ ባለ ቤት በር ላይ ስንደርስ «እዚህ የሚገባው ሌላ ሰው ነው» የሚል ስሜት ይይዘናል። አነጋገራችን፣ ልብሳችን፣ የምግቡን ስም አለማወቃችን ያሸማቅቀናል። እኅቶቻችን፣ ያ ወንበር አንድ ጊዜ ተከፍሎበታል። በዚህች ከተማ አንዲት የ86 ዓመት አሮጊት ከፍላበታለች። ቀና ብለን እንግባ።

ቀና ማለት ግን ገንዘብ መበተን አይደለም። ዋናው ነገራችን እዚህ ላይ ነው።

በእነዚህ ቤቶች እኛን የሚያስከፍለን ምግቡ ሳይሆን ይሉኝታችን ነው። አንድ ምሳሌ በቁጥር እንስጣችሁ። አሥራ ሁለት ሆነን ወጣን እንበል። ሰባቱ አንዳንድ ምግብ በ24 ዶላርና ቡና በ6 ዶላር አዘዙ፤ ለአንዷ 30 ዶላር ይመጣል። አምስቱ በዚሁ ላይ እያንዳንዱ 18 ዶላር የሆነ ሁለት ሁለት መጠጥ ጨመሩ፤ ለአንዷ 66 ዶላር ሆነ። ድምሩ 540 ዶላር ነው። በዲሲ የምግብ ቤት ግብር 10 በመቶ ስለሆነ 54 ዶላር ይጨመራል። ጉርሻው በ20 በመቶ ሲታሰብ 108 ዶላር ነው። ጠቅላላው 702 ዶላር። አሁን አንዷ «ለአሥራ ሁለት እናካፍለው፣ ምን ያጨቃጭቀናል» ትላለች። ለእያንዳንዷ 58 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል። እንቁላልና ቡና ብቻ የወሰደችው እኅት የራሷ ሒሳብ 39 ዶላር ነበር፤ 19 ዶላር ከ50 ለሌላ ሰው መጠጥ ከፈለች። መጠጥ የወሰደችው ደግሞ የራሷ ሒሳብ ወደ 86 ዶላር የሚጠጋ ሆኖ ሳለ 58 ከ50 ከፍላ ትሄዳለች፤ ይህን ማድረጓን ግን አታውቀውም። ክፋት የለባትም። ያችኛዋም አትናገርም። «ለሃያ ዶላር ስሟን አጠፋች» እንዳይሏት ትፈራለች። ፈገግ ብላ ትከፍላለች፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን «ሥራ አለብኝ» ትላለች። ከዚያም በሚቀጥለው። እንዲህ እያለ ማኅበር ሰው ያጣል። ተጣልቶ ሳይሆን፣ ተሰዳድቦ ሳይሆን፣ በይሉኝታ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ እናቶቻችን። በክሬዲት ካርድ የተበላ ቁርስም እንዲሁ ነው፤ ፎቶው ያማረ ቢሆንም ወለዱ ከአበባው ይቆያል። ስለዚህ ኮሚቴያችን እነዚህን ሐሳቦች ያቀርባል።

አንደኛ፣ ገንዘቡ አስቀድሞ ይጠራቀም። እያንዳንዳችን በየወሩ 5 ዶላር ብናስቀምጥ በዓመት 60 ዶላር ይሆናል። ከዚህ ላይ ግብሩና ጉርሻው ሲነሣ ለምግብና ለቡና 46 ዶላር ይቀራል፤ በቂ ነው። በዕለቱ ማንም ቦርሳ አይከፍትም፤ «እኔ ልክፈል፣ በሞቴ፣ አትንኪ» የሚለው ግብግብም አይኖርም። ይህ ገንዘብ ከለቅሶና ከሕመም መረዳጃችን ጋር በፍጹም አይቀላቀልም። የመረዳጃው ሣጥን አይነካም።

ሁለተኛ፣ መጠጥ የሚፈልግ ሰው ለብቻው ይክፈል። ብዙ ቤቶች ሚሞሳ የሚባለውን፣ ሻምፓኝ ወይም ሌላ የሚፈላ ወይን ከብርቱካን ጭማቂ ጋር የተቀላቀለበትን መጠጥ፣ በአንድ ዋጋ እየደጋገሙ ይቀዳሉ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ቅናሽ ጠረጴዛው በሙሉ ካልገባበት አይሰጥም፤ የማይጠጡ እኅቶች ስላሉን እኛን አይመለከተንም። ሒሳቡም በተለያየ ደረሰኝ እንዲመጣ ከፈለግን ከማዘዛችን በፊት እንንገር፤ ከበላን በኋላ መለያየት ለአስተናጋጇ ጭንቅ ነው።

ሦስተኛ፣ ምግቡን እንወቀው፤ መጠየቅም አያሳፍርም። ኤግስ ቤኔዲክት የሚባለው በውኃ የበሰለ እንቁላል ሲሆን ከሥሩ የሚደረገው ሥጋ በተለምዶ የአሳማ ነው። በላዩ የሚፈስሰው ሆላንዴዝ በእንቁላል አስኳል፣ በቅቤና በሎሚ የተሠራ ነው። ሥጋው በዓሣ ወይም በጎመን ሊለወጥ ይችላል፤ «ያለ አሳማ ሥጋ ይሁንልኝ» ማለት ብቻ ነው። ግሪትስ የሚባለው የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቅቤና አይብ ይገባበታል። ፓንኬክና ዋፍል በእንቁላልና በወተት የሚቦኩ ናቸው። ለጾመኞች አቮካዶ የተቀባ ዳቦ ያለ እንቁላልና ያለ አይብ፣ ፍራፍሬ፣ በዘይት የተጠበሰ ድንች ይገኛል፤ ድንቹ በቅቤ አለመጠበሱን እንጠይቅ። ቀኑ ዐቢይ ጾምም ሆነ ረመዳን ላይ እንዳይውል ኮሚቴው አይቶ ይወስናል። ቅዳሴ የሚያስቀድሱ እኅቶች እንዳይቸገሩም ቅዳሜን እንመርጣለን።

አራተኛ፣ ሰዓት። እዚህ ላይ እንሳቅ፤ ግን እውነቱን እንነጋገር። ብዙዎቹ ቤቶች ሁሉም እንግዳ ካልተሟላ አያስቀምጡም፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ያለፈ እንደሆነ ጠረጴዛውን ለሌላ ይሰጣሉ። ጠረጴዛውም ለአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ለሁለት ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል። የእኛ ስንብት ብቻውን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ስንብታችንን ውጭ እናድርገው። የልደት ኬክ ይዞ መሄድም ያስከፍል እንደሆነ አስቀድመን እንጠይቅ።

አምስተኛ፣ ፎቶ። ሮዝ ወንበር ላይ ተቀምጣ ፎቶ የተነሣች እኅት አገር ቤት ያለው ወንድሟ «ደልቶሻል» ብሎ ሊደውልላት ይችላል። ወር ሙሉ ያጠራቀመችውን 5 ዶላር እርሱ አያየውም። ማንም የማንንም ፎቶ ሳያስፈቅድ አይለጥፍ። ለማኅበራችን መዝገብ አንድ ፎቶ በጋራ እንነሣለን፤ ያልፈለገች ከጎን ትሁን።

ስድስተኛና ትልቁ፣ ሳህኑን የምታመጣልን ሴት። ከመካከላችን ስንቶቻችን ይህን ሥራ ሠርተናል? ስንቶቻችን አሁንም እንሠራዋለን? የፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው የሚከፍለውን ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ1991 ጀምሮ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ላይ አቁሞታል። ቨርጂኒያም በዚሁ ነው፤ ሜሪላንድ 3 ዶላር ከ63 ነው። በዲሲ ሕዝቡ በ2022 ድምፅ ሰጥቶ ከፍ እንዲል አድርጎታል፤ ቢሆንም ከመደበኛው ዝቅተኛ ደመወዝ አልደረሰም። ጉርሻው ሳይሞላ ከቀረ ልዩነቱን አሠሪው መሙላት እንዳለበት በሕግ ተጽፏል፤ ይህን ሥራው ላይ ያላችሁ እኅቶች አትርሱት። እንግዲህ ለአስተናጋጅ ጉርሻ ምጽዋት አይደለም፤ ደመወዟ ነው። እኛ በቋንቋችን ለቲፕም፣ በፍቅር አፍ ውስጥ ለምናደርጋት እንጀራም አንድ ስም ሰጥተናል። ጉርሻ ስንሰጥ ይህን እናስብ። ስድስት ወይም ስምንት ሰው በሆነ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ቤቶች ራሳቸው ስለሚጨምሩት ሁለት ጊዜ እንዳንከፍል ደረሰኙን እናንብብ። «ሰርቪስ ቻርጅ» የሚል ቢኖር ለአስተናጋጇ ይደርሳት እንደሆነ በትሕትና እንጠይቅ፤ ሁልጊዜ ጉርሻ ማለት አይደለም። እጅ አጨብጭቦ መጥራት አገራችን ውስጥ የተለመደ ቢሆንም እዚህ እንደ ስድብ ይቆጠራል። ዐይን ለዐይን ተያይቶ እጅን ከፍ ማድረግ ይበቃል። ስሟንም እንጠይቃት።

ጥቂት እናቶች «ለመሆኑ ማኅበር ለዚህ ነው ወይ የተቋቋመው?» ብለው ጠይቀውናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ማኅበራችን የተቋቋመው ለመረዳዳት ነው። እስከ ዛሬ ግን ሁላችንም ተሟልተን የምንገናኘው በለቅሶ ነው። ጥቁር ለብሰን እንገናኛለን፣ ጥቁር ለብሰን እንለያያለን። አንዳችን የሌላችንን ሳቅ ሳናውቅ ዓመት ያልፋል። ያልሳቅንበት ቤት ውስጥ ደግሞ ችግርን ገልጦ መናገር ይከብዳል። ባሏ የሚያስቸግራት፣ ከሥራ የወጣች፣ የቤት ኪራይ የጎደላት እኅት ምሥጢሯን የምታወጣው በስብሰባ አጀንዳ ላይ አይደለም፤ አጠገቧ ከተቀመጠችው ጋር ቡና ስትጠጣ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የምንለው ለሐዘን ብቻ አይደለም፤ ለደስታም ነው።

መውጣት የማትፈልግም አትውጣ። ያላት ምክንያት የራሷ ነው፤ ማንም አይጠይቃት። የተጠራቀመላት ገንዘብ ይመለስላታል። በወር 5 ዶላሩም የሚከብዳት ካለች ለሒሳብ ሹሟ ብቻ ትንገራት፤ ሌላ ሰው አያውቅም፣ ወንበሯም አይጎድልም። ይህን ሐሳብ ከዛሬ ውሳኔ ጋር አንድ ላይ ድምፅ እንድትሰጡበት እንጠይቃለን፤ ያለ እርሱ የቀረው ሁሉ ትርጉም የለውም።

ከወሰናችሁ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የ5 ዶላሩ መዝገብ ይከፈታል፤ ኮሚቴውም ሦስት ቤቶችን አይቶ የምግብ ዝርዝራቸውን ከነዋጋው በአማርኛ ተርጉሞ በሚቀጥለው ጋዜጣችን ያወጣል። ሁላችሁም ቤታችሁ ተቀምጣችሁ አንብቡት፤ ምን እንደምትበሉና ስንት እንደሆነ አውቃችሁ ኑ። ካልወሰናችሁም ቅር አይለንም፤ ያን ጊዜ ግን በየቤቱ ስንሰበሰብ ዓርብ ማታ ሽንኩርቱን አብረን እንክተፈው፤ ባለ ተራዋም ከእኛ ጋር ትቀመጥ።

አሁን ጥያቄያችሁን እንቀበላለን፤ በተለይ ባለፈው ዝም ካላችሁት መስማት እንፈልጋለን።